ከአሮጌው ማሽን የወጣው ፕሮግራም

አማካሪው «ስምንት ወር ይፈጃል» ሲል ሁላችንም ወደ ዳይሬክተራችን ዞርን። የደም ባንካችን ወደ አዲሱ ሕንፃ ሊዛወር የቀረው ሦስት ሳምንት ነው። ሰውየው ግን የኮምፒውተር ፕሮግራማችን ካለበት አሮጌ ማሽን ንቅንቅ እንደማይል፣ ያለን አማራጭ ከዜሮ ጀምሮ ሌላ ማሠራት ብቻ እንደሆነ እስክሪብቶውን በጣቶቹ መሀል እያሽከረከረ ነገረን።

ዳይሬክተራችን ግንባሩን አሸት አሸት አደረገና «እንግዲህ እስከዚያው በወረቀት እንሠራለን» አለ።

እኔ በዚያ ደም ባንክ ላቦራቶሪ ውስጥ አሥራ ዘጠኝ ዓመት ሠርቻለሁ። በወረቀት መሥራት ምን እንደሆነ አሳምሬ አውቃለሁ። ከሆስፒታል ተደውሎ «ሴትዮዋ እየደማች ነው፣ ቶሎ በሉ!» ሲባል ስምንት ማቀዝቀዣ እየከፈቱ እየዘጉ፣ ጣት እስኪደነዝዝ ከረጢት ማገላበጥ ነው። ፕሮግራሙ ከመጣ ወዲህ ግን የደሙን ዓይነት ብቻ ትጽፍለታለህ፤ የትኛው ማቀዝቀዣ፣ ስንተኛው መደርደሪያ ላይ እንዳለና እስከ መቼ እንደሚያገለግል ወዲያው ይነግርሃል። ወደ ወረቀት መመለሱን ባልወደውም ምን እላለሁ? የላቦራቶሪ ሰው ነኝ፤ የኮምፒውተር ነገር ሲነሣ ጣሪያ ጣሪያ ከማየት በቀር ሌላ አልችልበትም።

በዚህ መሀል ከክፍሉ ጥግ አንድ እጅ ወጣ። የስልከኛዋ እጅ ነበር።

«ሦስት ሳምንቱን ለኔ ስጡኝ» አለች።

ከኋላ አንዱ ሳቁን በሳል ሸፈነው።

ስልከኛዋ የምንላት በክፋት አልነበረም ብል ደስ ይለኝ ነበር፤ ግን ትንሽ ክፋትም ሳይኖርበት አልቀረም። አሥራ አራት ዓመት የስልክ ማዞሪያው ላይ ተቀምጣ ከየሆስፒታሉ የሚመጣውን ጥሪ ለየክፍሉ ስታቀብል ኖራለች። ማዞሪያው ተነሥቶ በራሱ የሚሠራ ስልክ ሲገባ ሥራ ፈታች። እንዳትባረር ብለው ኮምፒውተር ክፍል መደቧት፤ ሥራዋም ትርፍ ገመድ መቁጠርና በየማሽኑ ላይ ቁጥር መለጠፍ ሆነ። ሌላ ሰው ቢሆን አኩርፎ ጡረታውን ይጠብቅ ነበር። እሷ ግን በአርባ አንድ ዓመቷ የማታ ትምህርት ተመዝግባ ከልጇ እኩዮች ጋር ጃቫ ተማረች። ጃቫ ማለት ፕሮግራማችን የተጻፈበት ቋንቋ ነው። ሁለት ዓመት ተኩል ፈጀባት። ባለቤቷ ጋራዥ ውስጥ የሚሠራ መካኒክ ነው፤ ያን ጊዜ እያነሣ «እሷ ጃቫ ስታጠና እኔ ሽንኩርት መክተፍ ተማርኩ፤ ሁለታችንም ተመርቀናል» ይላል። በዲፕሎማዋ ማንም ሥራ አልሰጣትም ነበር። ያው ገመዷን ትቆጥራለች።

«ካልተሳካስ?» አላት ዳይሬክተሩ።

«ወረቀቱ የትም አይሄድም፤ እዚያው ይጠብቀናል» አለችው።

አማካሪው ትከሻውን ነቀነቀ። ዳይሬክተሩም የሚያጣው ነገር ስላልታየው ፈቀደላት።

በማግስቱ ሥራ ጀመረች። ክፍሏ ከላቦራቶሪያችን ጎን ስለሆነ በምሳ ሰዓት ብቅ እያልኩ አያት ነበር። መጀመሪያ ያደረገችው አሮጌው ማሽን ላይ ያለውን ሁሉ፣ ምን እንደሆነ እንኳ ሳትጠይቅ፣ ሦስት ቦታ መገልበጥ ነው። ከዚያ ኮዱን፣ ማለትም ፕሮግራሙ የተሠራበትን ጽሑፍ፣ አትማ ማንበብ ጀመረች። አራት ቀን ሙሉ አነበበች። መነጽሯን ግንባሯ ላይ ሰቅላ መነጽሯን የምትፈልግበት ጊዜ ሁሉ ነበር።

አምስተኛው ቀን ላይ ስገባ ግድግዳው ላይ ትልቅ ወረቀት ለጥፋለች፤ ከአንድ እስከ ሠላሳ አንድ ቁጥር ተጽፎበታል።

«ምንድን ነው ይሄ?» አልኳት።

«የበሽታው ዝርዝር» አለችና ወንበር ሳበችልኝ። «ስማኝ፣ ፕሮግራሙ ጤነኛ ነው። የከረጢቶቹ መረጃ የሚቀመጠው ላይኛው ፎቅ ባለው ሌላ ማሽን ላይ ነው አይደል? ፕሮግራሙ የዚያን ማሽን አድራሻ ማወቅ አለበት፤ የይለፍ ቃሉንም። መለያ ወረቀት የሚያትመው የትኛው ፕሪንተር እንደሆነ፣ የወሩ ሪፖርት የት እንደሚቀመጥም ማወቅ አለበት። ይሄ ሁሉ መጻፍ የነበረበት ከፕሮግራሙ ውጭ፣ ለብቻው ባለ አንድ የሴቲንግ ፋይል ላይ ነው። ፕሮግራሙን የሠራው ኢንጂነር ግን ኮዱ ውስጥ ጻፈው። ያውም ሠላሳ አንድ ቦታ!»

«ለዚህ ነው ከማሽኑ የማይነቀለው?»

«ለዚህ ነው። ሠላሳ አንዱን ለቅሜ አወጣለሁ። ከዚያ ፕሮግራሙን ከነአጋዦቹ፣ ሌሎች ሰዎች ጽፈዋቸው እሱ ከሚጠቀምባቸው ነገሮች ጋር፣ አንድ ላይ እጠቀልለዋለሁ። አንድ ፋይል ብቻ ይሆናል። ያንን የፈለግከው ማሽን ላይ አስቀምጠህ ሴቲንጉን አጠገቡ ስታደርግለት ይነሣል።»

«ታዲያ ያ ሰውዬ ስምንት ወር ያለው ምኑን ነው?»

«እሱ አላነበበውማ» አለች።

ሳምንቱ ሳያልቅ ሠላሳ አንዱም ቁጥር ተሰርዞ አየሁ። ደስ ብሎኝ ስገባ ግን ፊቷ ጠቁሯል። እየሠራ ያለው ፕሮግራም ውስጥ ያሉ ሦስት ክፍሎች ከተቀመጠው ኮድ ውስጥ የሉም። ኢንጂነሩ ጥድፊያ ላይ ሆኖ አስተካክሎ በእጁ ማሽኑ ላይ ብቻ ጥሏቸው ሄዷል፤ እዚያም ያሉት ማሽን እንጂ ሰው በማያነበው መልክ ነው። ያለ እነሱ መጠቅለል ማለት ፕሮግራሙን አካለ ጎዶሎ አድርጎ ማውጣት ነው።

ኢንጂነሩ ከአራት ዓመት በፊት ከዳይሬክተሩ ጋር ተጣልቶ ነው የወጣው። ከዚያ በኋላ ዓይኑ እየደከመ ሄዶ አሁን ብርሃንና ጥላ ከመለየት አያልፍም። ቤቱን አውቀዋለሁ፤ ድሮ ጎረቤቴ ነበር። እሑድ ከምሳ በኋላ ይዣት ሄድኩ። ልጁ በሩን ከፈተችልን። በረንዳው ላይ ሬዲዮ ጉልበቱ ላይ አስቀምጦ አገኘነው።

«ጋሼ፣ እንደምን ዋሉ?»

«ላቦራቶሪ! ድምፅህ አላረጀም። ሌላ ሰው አለ አይደል? ማነው?»

«ስልከኛዋ ናት።»

«ምነው፣ ስልክ ልትቀጥልልኝ ነው?» አለና ሳቀ። የመጣንበትን ስትነግረው ግን ሳቁ ጠፋ። «እሱ ነው የላካችሁ?»

«ማንም አልላከኝም ጋሼ፤ በራሴ ነው የመጣሁት» አለች።

«ደግ አደረግሽ። እሱ ልኮሽ ቢሆን በሩ ያው እዚያ ነበር።»

ትለምነዋለች ብዬ ነበር፤ አልለመነችም። ከቦርሳዋ የታተመውን ኮድ አወጣችና ጮክ ብላ ታነብለት ጀመር፤ መስመር በመስመር። መጀመሪያ ፊቱን ወደ ግቢው አዙሮ ነበር። ትንሽ ቆይቶ ሬዲዮውን አጠፋው። ከዚያ ጆሮውን ወደ እሷ አዘነበለ።

«ቆይ ቆይ» አላት ድንገት። «ከዚያ በፊት አንድ ነገር አለ። ከረጢት ሁለቱን ምርመራ ሳያልፍ እንዳይወጣ የሚከለክል።»

«እሱ ነው የሌለኝ ጋሼ።»

«የለሽም? ...እውነትሽን ነው፣ የለሽም። በአንድ የጥድፊያ ሳምንት ነው የሠራሁት፤ ሦስት ሆስፒታል እየጮኸብኝ። ሲሮጡ የታጠቁት ሲሮጡ ይፈታል ነው ነገሩ።» መዳፉን ጉልበቱ ላይ አሸት አሸት አደረገ። «ጻፊ።»

እስኪመሽ ድረስ እሱ ይናገራል፣ እሷ ትጽፋለች። ሦስቱም ክፍሎች ምን እንደሚሠሩ አንድ በአንድ አስረዳት፤ አንዳንዱን መስመር እንዲያውም ቃል በቃል አስታወሰው። ልንወጣ ስንል እጇን ያዘና «አውቄ ነው መሰለኝ» አላት ዝቅ ባለ ድምፅ። «ሰው ሁሉ አድራሻውን ኮዱ ውስጥ የጻፍኩት አላውቅ ብዬ ይመስለዋል። ያለ እኔ እንዳይሆን ፈልጌ ነበር።»

«አሁንም ያለ እርስዎ አልሆነም» አለችው። ሰውየው ወዲያ ዞረ። ልጁ በሩን ስትዘጋልን ስልከኛዋ ዓይኗን ትጠርግ ነበር።

በሁለተኛው ሳምንት ሦስቱን ክፍሎች ጻፈችና የመጀመሪያውን ጥቅል ሠራች። ለሙከራ በተሰጣት ማሽን ላይ ስታስነሣው ነጭ ገጽ ላይ «የፈለጉት አልተገኘም» የሚል ጽሑፍ ብቻ ወጣ። ያንን ስታስተካክል አንድ አጋዥ ጎደለ። እሱን ስትጨምር ደግሞ ያው አጋዥ ሁለት ቦታ፣ አንዱ አሮጌ አንዱ አዲስ ሆኖ ተገኘና ሁለቱ ተጣሉ። ባለቤቷ ምሳ ሊያደርስላት መጥቶ ነበር፤ ይህን ስትነግረን «ሞተር ላይም ያጋጥማል፤ ሁለት ዓይነት ብሎን ከቀላቀልክ አለቀልህ» አለ። «አሮጌውን ማነው ያስገባው? ብለሽ ጠይቂ።» እውነትም ሌላ አጋዥ ነበር ሳታውቅ ይዞት የገባው። አወጣችው።

በሦስተኛው ሳምንት፣ ማክሰኞ ዕለት ገጹ ተከፈተ። ያ የለመድነው ሰማያዊ ገጽ፣ በማያውቀው ማሽን ላይ! አጨበጨብኩ። እሷ ግን «ገና ነው፤ አንተ እንደ ሥራህ ሞክረው» ብላ ወንበሯን ለቀቀችልኝ።

ተቀምጬ ኦ ኔጌቲቭ ብዬ ጻፍኩ። ዝርዝሩ መጣ። ሦስተኛው መስመር ላይ ስደርስ ቆምኩ። ያቺን ከረጢት አውቃታለሁ። ጊዜዋ ትናንት አልፎ ጠዋት በገዛ እጄ ከማቀዝቀዣ አውጥቼ ለማስወገጃ ለይቻታለሁ። አሮጌው ማሽን በቀይ ነው የሚያሳያት። ይሄኛው ግን «ሃያ ስምንት ቀን ይቀራታል» ይላል።

«ነይ እስቲ እዪ» አልኳት።

አየች። ቀለሟ ተለወጠ። «ይሄ ሰው ይገድላል» አለች በሹክሹክታ፣ ከዚያም ቁጭ አለች።

በኋላ ወረቀት ሳበችና ከረጢቷ የምታገለግልበትን የመጨረሻ ቀን ጻፈች፦ 10/9። «ቀን አሥር፣ ወር ዘጠኝ። ይሄኛው ማሽን ግን ወሩን ነው የሚያስቀድመው። ወር አሥር፣ ቀን ዘጠኝ ብሎ አነበበው። ፕሮግራሙ ቀን እንዴት እንደሚነበብ ከማሽኑ ነው የሚጠይቀው ማለት ነው! እኔ ኮዱ ውስጥ ስፈልግ፣ ሠላሳ ሁለተኛው ነገር ማሽኑ ራሱ ላይ ነበር።»

ያን ቀን ሴቲንግ ፋይሏ ላይ አንድ መስመር ጨመረች፤ ማሽኑ ምንም ይበል ምን፣ ቀን ይቅደም የሚል። ይህም አላረካትም። ማክሰኞ ከሰዓትና ረቡዕ ሙሉ ቀን እኔ አሮጌው ላይ፣ እሷ አዲሱ ላይ ሆነን ስድስት መቶ አሥራ ሁለት ከረጢት እየተጠራራን አመሳከርን። ድምፄ እስኪዘጋ ድረስ። የመጨረሻዋን «ልክ» ስትል ጠረጴዛውን በቡጢ መታሁትና የሻይዋን ብርጭቆ ደፋሁባት።

ዝውውሩ ቅዳሜ ነው። ሐሙስ ጠዋት አራት ሰዓት ላይ ጉድ ፈላ።

የኤሌክትሪክ ሠራተኞች ለዝውውሩ ብለው መስመር ሲያላቅቁ አንድ ነገር ጧ አለ፤ መብራት ሄዶ መጣ። የተቃጠለ ፕላስቲክ ሽታ ኮሪደሩን ሞላው። ላይኛው ፎቅ ያለው የመረጃ ማሽን ደኅና ነው። ታችኛው፣ አሮጌው፣ ፕሮግራሙን የተሸከመው ግን ላይመለስ አለፈ። ሁሉም ስክሪን ላይ አንድ ዓይነት ጽሑፍ መጣ፦ ግንኙነት የለም።

እንዳይሆን ሆነና በዚያው ቅጽበት ስልክ ጮኸ። አነሣሁት። ከሆስፒታል አንዲት የማዋለጃ ክፍል ሐኪም ናት።

«ኤቢ ኔጌቲቭ፣ አራት ከረጢት! መኪናው ወጥቷል፣ እናንተ ዘንድ ሊደርስ ነው» አለችኝ። ከኋላዋ የሰው ሩጫ ይሰማል።

ኤቢ ኔጌቲቭ እንኳን አራት፣ አንዱም በግድ ነው የሚገኘው። ማቀዝቀዣዎቹ ደግሞ ለዝውውሩ ሲባል ተቀያይረዋል፤ የትኛው የት እንዳለ የሚያውቀው ፕሮግራሙ ብቻ ነው። ዳይሬክተሩ ላብ በላብ ሆኖ ገባና «ሁላችሁም ማቀዝቀዣ ክፈቱ! በእጅ ፈልጉ!» አለ።

«አትክፈቱ፣ ሙቀት ይገባል» የሚል ድምፅ ከኋላው መጣ። ስልከኛዋ ነበረች፤ ፍላሽ በእጇ ይዛለች። «የመዝገብ ቤት ሠራተኛዋን ላፕቶፕ ስጡኝ።»

«ላፕቶፕ?» አለ ዳይሬክተሩ። «ያ ደብዳቤ የሚጻፍበት?»

«ጃቫ አለበት፤ ባለፈው ሳምንት ጭኜበታለሁ። ሳይደርቅ በእርጥቡ ብዬ።»

ላፕቶፑ መጣ። ሁላችንም ከበብናት። ጥቅሉን ገለበጠች፤ አንድ ፋይል። ሴቲንጉን አጠገቡ አደረገች፤ ሃያ ሁለት መስመር። አንዱን መስመር ብቻ፣ የፕሪንተሩን፣ ለወጠች። የማዞሪያው ዘመን ልምድ ነው መሰለኝ፤ ሰው ሲጮህ እሷ ትረጋጋለች። አስነሣችው። ጥቁሩ መስኮት ላይ ጽሑፍ እየተንደረደረ ወረደ። ቆመ። ጽሑፉ እንደገና ወረደና አበቃ።

ሰማያዊው ገጽ ተከፈተ።

«ጻፍ» አለችኝ።

ጻፍኩ። አምስተኛ ማቀዝቀዣ፣ ሁለተኛ መደርደሪያ፣ ሦስት ከረጢት። ሰባተኛ ማቀዝቀዣ፣ አንደኛ መደርደሪያ፣ አንድ ከረጢት። አራት! እየሮጥኩ ሄድኩ። ባለው ቦታ፣ ባለው ቀን፣ አንድም ሳይዛነፍ አገኘኋቸው። ስመለስ ፕሪንተሩ መለያውን እየተፋ ነበር። ሾፌሩ ሞተሩን እንኳ ሳያጠፋ ሣጥኑን ተቀብሎ ሄደ። ሰዓቴን አየሁ፤ ስልኩ ከተደወለ አሥራ አንድ ደቂቃ ሆኗል።

ከሰዓት በኋላ ሐኪሟ ራሷ ደወለች። «እናትም ልጅም ደኅና ናቸው። ሴት ልጅ ናት» አለች። ይህን ጮክ ብዬ ስናገር የመዝገብ ቤት ሠራተኛዋ እልል አለች። ስልከኛዋን ፈለግናት፤ መጋዘን ውስጥ ካርቶን ላይ ተቀምጣ እያለቀሰች አገኘኋት። «ምን ሆንሽ?» ስላት «ምንም፣ ደስ ብሎኝ ነው፤ ደግሞ ርቦኛል» አለች። ቁርስ አልበላችም ነበር።

ቅዳሜ አዲሱ ሕንፃ ውስጥ ፕሮግራሙን መትከሉ የፈጀው ዘጠኝ ደቂቃ ነው። እሷም «ሁለቱን ደቂቃ የወሰደው ሶኬት ፍለጋ ነው» ትላለች። አማካሪው ወሬ ሰምቶ መጥቶ ነበር። ሴቲንግ ፋይሉን ከላይ እስከ ታች አነበበና «እኔ ተሳስቻለሁ። እንዴት እንደሠራሽው አንድ ቀን ታስረጂኛለሽ?» አላት፤ ይህን በማለቱ አከበርኩት።

ኢንጂነሩም በልጁ ክንድ ተደግፎ መጣ። ዳይሬክተሩን ሲያገኘው ሁለቱ ሽማግሌዎች በር ላይ ፊት ለፊት ቆሙ፤ ቀድሞ እጁን የዘረጋው ዳይሬክተሩ ነው። «ወንድሜ፣ ያኔ ያጠፋሁት እኔ ነኝ» አለው። ኢንጂነሩ ድምፁ ወደመጣበት እጁን ሰደደና «እኔም እንዳንተው ነበርኩ» አለ። ከዚያ ወደ ስልከኛዋ ዞሮ «ስንት መስመር ሆነልሽ?» አላት።

«ሃያ ሁለት ጋሼ።»

«እኔ ሠላሳ አንድ ቦታ የበተንኩትን?» ከአንጀቱ ሳቀ። «አንብቢልኝ።»

በቆሙበት አነበበችለት፤ የይለፍ ቃሉ ያለበትን መስመር ብቻ ዘልላ። «ጎበዝ! ለኔም ቢሆን አትንገሪኝ» አላት።

በወሩ የኮምፒውተር ክፍሉ ኃላፊ ሆና ተሾመች። በየክፍለ ከተማው ያሉት ሰባት የደም ጣቢያዎች እስከዚያ ድረስ በወረቀት ነበር የሚሠሩት። «ጥቅሉ ካለ ለነሱስ ለምን አይሆንም?» አለችና ዳይሬክተሩ መኪና ሰጣት። ለማመሳከሪያ ብላ እኔን ይዛ በየጣቢያው ዞረች። የመጀመሪያው ግማሽ ቀን ፈጀ፤ ኔትዎርኩ ነበር ያስቸገረን። ሦስተኛው ላይ አንድ ሰዓት በቂ ሆነ።

ሰባተኛው ጣቢያ አስፋልቱ ካለቀበት አልፎ ነው። ሁለት ክፍል፣ አንድ ማቀዝቀዣ፣ አንዲት ነርስ። ስልከኛዋ ፍላሹንና አንድ ገጽ ማብራሪያ ሰጥታት እጇን ኪሷ ውስጥ ከተተች። ነርሷ ግራ ገብቷት አየቻት።

«እኔ ነኝ የማደርገው?»

«አንቺ ነሽ። ነገ እኔ የለሁማ።»

ነርሷ በአንድ ጣቷ እየለቀመች ጻፈች፤ የጣቢያዋን ስም፣ አድራሻውን፣ የፕሪንተሩን። ሁለት ጊዜ ተሳሳተች፣ ሁለት ጊዜ ራሷ አረመች። ከዚያ አስነሣችው። ገጹ ሲከፈት ከወንበሯ ብድግ ብላ «መጣ! መጣልኝ!» እያለች ወደ ደጅ ወጣች፤ በር ላይ ደም ሊለግሱ ተራ የሚጠብቁት ሰዎች ምን እንደመጣ ሳያውቁ አብረዋት ሳቁ።